ሪሚሽን የሚሉት ፋታ

መጀመሪያ ያበጠው የዓይኔ ቆብ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ጠዋት ስነሳ ሁለቱም ዓይኖቼ በግማሽ ተከድነው አገኘኋቸው። አያሙም፤ አያሳክኩም፤ አልቀሉም። ረፋድ ላይ እብጠቱ እየጎደለ ሄዶ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ፊቴ የራሴ ፊት ሆነ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ጂንካ በበጋ ሁሉም ነገር በአቧራ ስለሚመካኝ እኔም አቧራ ነው ብዬ በቀዝቃዛ ውኃ እየታጠብኩ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ይህን የምጽፈው ኔፍሮቲክ ሲንድሮም የተባለ የኩላሊት ሕመም እንዳለባችሁ በቅርቡ ለተነገራችሁና ለምታስታምሙ ነው። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ በእኔ ላይ የሆነውንና ሐኪሞቼ የነገሩኝን ብቻ በጥንቃቄ እጽፋለሁ። በንዴት የተጻፉ ቦታዎች አሉ። ላለሳልሳቸው ሞክሬ ነበር፤ ሲለሳለሱ ግን እውነት አልመስል አሉኝ።

በሁለተኛው ሳምንት እግሬ አበጠ። የካልሲዬ ላስቲክ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጥልቅ መስመር ይተው ጀመር። በአውራ ጣቴ ቅልጥሜን ስጫነው ጣቴ የገባበት ጉድጓድ ሳይሞላ ይቆያል። ሽንቴ ደግሞ ሳሙና የተበጠበጠበት ይመስል አረፋ ነበረው። ስለ አረፋው ለማንም አልተናገርኩም። ሽንት ለሰው የሚወራ ነገር አልመሰለኝም ነበር። እናንተ ግን አውሩት። ያኔ አውርቼው ቢሆን ኖሮ ከአንድ ወር በላይ ስቃይ በቀረልኝ።

ወላጆቼ ከጂንካ ወጣ ባለ የአሪ ገጠር የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። እኔ ለትምህርት ብዬ ከተማ ውስጥ ከአባቴ እህት ከአበበች ጋር እኖር ነበር። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ በረንዳው ላይ ነው፤ ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም፤ የደንበኞቿን ልኬት የምትጽፍበት ደብተር ከጎኗ አይለይም። ሆዴ መነፋት ሲጀምር ከእኔ ቀድማ ያየችው እሷ ናት።

ቅዳሜ ነበር፤ ገበያ የወጡ ሁለት ሴቶች ቀሚስ ሊለኩ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። አክስቴ ጠራችኝና ሜትሩን ወገቤ ላይ ጠመጠመችው።

"ሰባ ስድስት" አለች። "ዩኒፎርምሽን ስሰፋልሽ ስድሳ አራት ነበርሽ።"

"አክስቴ፣ እግሬም እኮ አብጧል።"

"እግርሽን አልጠየቅኩሽም። ማነው?"

"ማን ማነው?"

"ሆድሽን የነፋው!"

አንደኛዋ ደንበኛ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። "ኧረ አበበች፣ ልጅቷን በሰው ፊት!"

"ሰው ነገ ማየቱ ይቀራል? ዛሬ ይየው!" አለችና ቁጥሩን ከደንበኞቿ ስም በታች ጻፈችው።

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ለካችኝ። ሰባ ዘጠኝ። ሰማንያ ሦስት። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። ምግብ ስታቀርብልኝ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥ ነበር እንጂ በእጄ አትሰጠኝም ነበር። እኔም ጠላኋት። ለመማር የመጣሁባት ቤት ስለሆነች ግን ጥላቻዬን ዋጥ አድርጌ ልብስ አጥብ ነበር፤ ቁልፍ እተክልላት ነበር።

ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። የእርግዝና ምርመራው ኔጌቲቭ ሆነ። አላመነችም። ሌላ ክሊኒክ ወሰደችኝ። የሁለተኛው ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ ሽንቴን አይቶ ወጣና ከእኔ ይልቅ እሷን አነጋገራት።

"እርግዝና የለም። ግን ሽንቷ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ፎር ፕላስ ነው፤ እጅግ ብዙ። ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዷት።"

"ፕሮቲን ደግሞ ምን ክፋት አለው?" አለች አክስቴ። "ሥጋ መቼ በላችና!"

ባጃጅ ውስጥ ሆነን ወደ ሆስፒታል ስንሄድ ይቅርታ ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለችኝም።

ሆስፒታል ያየችኝ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ቅልጥሜን ተጫነችው፤ ሆዴን በጣቷ መታ መታ አደረገችና አዳመጠች። ከዚያ ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችን። ኩላሊት እንደ ወንፊት ነው አለች። የእኔ ወንፊት ሰፍቷል። ደም ውስጥ መቅረት የነበረበት አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን በሽንት ይፈስሳል፤ እሱ ሲያንስ ውኃው ከደም ሥር እየወጣ ፊት፣ እግርና ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። "እብጠቱ የጀመረው መቼ ነው? በምን ያህል ፍጥነት ጨመረ?" ብላ ስትጠይቅ አክስቴ ቦርሳዋን ከፍታ የልኬት ደብተሯን አወጣች።

ሐኪሟ ቁጥሮቹን አየችና ቀና አለች። "ይሄን ማን ነው የጻፈው? በጣም ጥሩ ነው!"

"እኔ ነኝ" አለች አክስቴ። "ለሌላ ጉዳይ ነበር።"

መድኃኒት ከመጀመሬ በፊት የሄፓታይተስና የኤችአይቪ ምርመራ ተደረገልኝ፤ ደረቴን ራጅ ተነሣሁ፤ የሆድ ትል መድኃኒትም ተሰጠኝ። የምጀምረው መድኃኒት ሰውነት ሌላ በሽታ የሚከላከልበትን አቅም ስለሚቀንስ ነው። ስሙ ፕሬድኒሶሎን ይባላል። በቀን አሥራ ሁለት ኪኒን፣ ጠዋት ከምግብ በኋላ፣ በአንድ ጊዜ። ውኃውን የሚያስወጣ ፉሮሰማይድም ታዘዘልኝ። ጨው ተከለከልኩ። ወጥ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ እኛ ቤት የቡና ቅጠል ተፈልቶ የሚጠጣው በጨው ስለሆነ እሱም ቀረብኝ። ሐኪሟ ወረቀቱን ስትሰጠኝ እጄን ያዝ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፤ "በራስሽ ጊዜ እንዳታቆሚ። ቢሻልሽም አታቁሚ። በተለይ ሲሻልሽ።"

በሦስተኛው ሳምንት እብጠቱ ከእግሬና ከሆዴ ጎደለ፤ በምትኩ መድኃኒቱ ፊቴን ክብ አደረገው። ጉንጮቼ ዓይኖቼን ወደ ላይ ገፏቸው። ብጉር ወጣብኝ። ሁልጊዜ ይርበኝ ነበር። ስለ ሆዴ የተወራው ወሬ ትምህርት ቤት ደርሶ ስለነበር አንዷ የክፍል ጓደኛዬ ስገባ ጠብቃ "ውሸት ነው ያሏችሁ፤ ያረገዘችው በጉንጯ ነው!" አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ክፉ እንዳልባል። ሳቃቸውን ረስቼዋለሁ፤ የራሴን ሳቅ ግን አሁንም እጠላዋለሁ።

በስድስተኛው ሳምንት በሦስት ተከታታይ ቀናት የሰጠሁት ሽንት ለፕሮቲን ኔጌቲቭ ሆነ። ሐኪሟ ፈገግ ብላ በካርዴ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጻፈች።

"ሪሚሽን ገብተሻል" አለችኝ።

"ድኛለሁ ማለት ነው?"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "አይደለም። ሕመሙ ጋብ ብሏል ማለት ነው። ፕሮቲኑ ሽንትሽ ላይ ጠፍቷል። ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ላይመጣም ይችላል። ኪኒኑን ቀስ እያልን ነው የምንቀንሰው። ሙሉ በሙሉ ሲድን ሌላ ቃል እንጽፋለን።"

"እሱን መቼ ነው የምትጽፉት?"

"እኔ ለዚህ ሕመም እስካሁን ጽፌው አላውቅም" አለች፤ አልዋሸችኝም።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ቃሉን በመዝገበ ቃላት ፈለግኩት። የአንድ ሕመም ኃይል የሚቀንስበት ወይም ምልክቶቹ የሚጠፉበት ጊዜ፣ ይላል። "ጊዜ" የምትለዋን ቃል ደጋግሜ አነበብኳት። ከምሳሌዎቹ አንድ ነገር አስተዋልኩ፦ ቃሉ ሰውየው ያለበትን ለመናገር እንጂ ሰውየው የሆነውን ለመናገር አይውልም። ሰው ሪሚሽን ውስጥ ይገባል፤ ሪሚሽን ውስጥ ይቆያል፤ ከሪሚሽን ይወጣል። እንደ ክፍል ነው፤ በሩ በሁለቱም በኩል ይከፈታል። በአማርኛ ሳስበው የቀረበኝ "ፋታ" ነው። ሕመሙ ፋታ ሰጠኝ እንላለን፤ ያን ስንል ሰጪው ሕመሙ እንደሆነና አሁንም እዚያው ቆሞ እንዳለ እናውቃለን።

ቃሉን ጠላሁት። ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ግማሽ ቃል ነው። ሰው ሁሉ ሲጠብቅ የነበረው "ድናለች" የሚለውን ነው፤ እኔ ይዤ የመጣሁት ግን ተብራርቶ የማያልቅ ነገር ነበር።

ስለዚህ ቤት ስደርስ አክስቴ ከመኪናዋ ቀና ብላ "ምን አለች?" ስትለኝ "ጠፍቷል አለች" አልኳት። ሐኪሟ "ሽንትሽ ላይ ጠፍቷል" ነበር ያለችው። ሁለት ቃል ቀነስኩ። ውሸት አልመሰለኝም። አክስቴ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ "ጌታ ሆይ!" አለች፤ ከዚያም በስንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳመችኝ።

በቤተ ክርስቲያናችን እሑድ ከስብከቱ በፊት የምስክርነት ጊዜ አለ። እግዚአብሔር በጎ ነገር ያደረገለት ሰው ወደ ፊት ወጥቶ ይናገራል። አክስቴ ስሜን አስመዘገበች። የሴቶች የጸሎት ኅብረት ሳምንታት ሙሉ ስለ እኔ ጾመው ነበር፤ እውነተኛ ጸሎት ነበር፤ እነሱን ዝም ማለት ነውር መሰለኝ። አክስቴ አዲስ ቀሚስ በአዲሱ ልኬቴ ሰፋችልኝ። ወጥቼ "ጌታ ፈውሶኛል!" አልኩ። ጉባኤው "አሜን!" አለ፤ እልልታው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። አክስቴ አለቀሰች። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ተደርጎልኝ አያውቅም ነበር፤ ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ከቁርስ በኋላ ኪኒኖቼን መዳፌ ላይ ቆጠርኩ። መቀነስ ተጀምሮ ስምንት ደርሰው ነበር። አክስቴ ከግቢ ገባች።

"ምንድነው እሱ?"

"ኪኒኔ ነው።"

"ትናንት ምን ብለሽ ነው የመሰከርሽው?"

"ተፈወስኩ ብዬ።"

"እና አሁን የምትውጪው ለየትኛው በሽታ ነው?"

ኪኒኑን አልቀማችኝም። "አትዋጪ" አላለችኝም። ወደ መኪናዋ ተመለሰች። እኔ ስምንቱንም ወደ ብልቃጡ መለስኳቸውና ብልቃጡን ከደብተሮቼ ሥር ደበቅኩት።

እዚህ ላይ በትክክል መጻፍ አለብኝ። ይህን ታሪክ የሰሙ ሰዎች "ቤተ ክርስቲያን ከለከለቻት" ይላሉ። አልከለከለችኝም። ከመድረክ "መድኃኒት ጣሉ" ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ግን እኛ ዘንድ ያልተጻፈ ልማድ አለ፤ የመሰከረ ሰው መድኃኒት ይዞ አይታይም። ክራንቹን መድረክ ላይ ያስቀመጠ ሰው ወደ ቤቱ ይዞት አይመለስም። የመሰከርኩት እኔ ስለሆንኩ ያፈርኩትም እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ደከመኝ። መገጣጠሚያዎቼ ታመሙ። ምግብ አስጠላኝ።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት መስታወት አየሁ። የዓይኔ ቆብ አብጧል። አወቅኩት። ሹራብ ደርቤ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ሆዴ ተነፋ። አስመለሰኝ። ትኩሳት መጣ። ከዚያ ሕመሙ። ሆዴ ላይ ቀሚሴ ሲያርፍ ጮኽኩ።

አክስቴ አልጋዬ አጠገብ ቆመች። ጸለየች። ጸሎቷን አቆመችና አየችኝ።

"ምን ደብቀሽ ነው የተመለሰብሽ?" አለችኝ።

ኃጢአት ማለቷ ነው። ገብቶኛል።

"ኪኒኑን" አልኳት።

ፍራሹን አነሣች፤ ደብተሮቼን በተነች፤ ብልቃጡን አገኘች። ሞልቶ ነበር። አየችው። ከዚያ አዝላኝ ወጣች። ከእኔ ታንሳለች። እስከ መንገድ አዘለችኝ። ባጃጁን በጩኸት አስቆመችው።

ግፊቴ ሰባ በአርባ ነበር። ያቆምኩትን ኪኒን የሚተካ ሃይድሮኮርቲዞን በደም ሥር ሰጡኝ። ሆዴን በመርፌ ወጉ። የወጣው ውኃ ደፍርሷል። ፔሪቶናይትስ ነው አሉ፤ የሆድ ዕቃ ሽፋን ኢንፌክሽን። ሴፍትሪአክሶን የተባለ አንቲባዮቲክ ጀመሩልኝ። ያችው ሐኪም መጣች። ተቆጥታ ነበር።

"ማነው አቁሚ ያለሽ?"

"ማንም።"

"ማንም ሳይልሽ?"

አክስቴን አየቻት። አክስቴ ግድግዳውን አየች።

"ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ሕመሙ ብቻ አይደለም የሚመለሰው" አለች ሐኪሟ ለሁለታችንም። "ሰውነቷ ኮርቲዞል የሚባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት አቁሟል። ግፊቷ የወደቀው ለዚህ ጭምር ነው። በዚህ ሰው ይሞታል። ገባችሁ?"

በአምስተኛው ቀን የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ሊጠይቀኝ መጣ። ትልቅ ሰው ነው፤ ረጋ ብሎ የሚናገር፤ ሙዝ ይዞልኝ ነበር። ጸለየልኝ። ተቀምጦ ስለ ትምህርቴ ጠየቀኝ። ከዚያ ሰዓቱን አየና ከኮቱ ኪስ የታሸገ ኪኒን አውጥቶ ከእኔ የውኃ ጆግ ቀድቶ ዋጠ።

"ምንድነው የዋጡት?" አልኩት።

"የግፊት ነው። ከጀመርኩት ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።"

ያን ጊዜ የተሰማኝን ንዴት ሕመሙ ራሱ አልሰጠኝም።

"ስለ ግፊትዎ መስክረው ያውቃሉ?"

"ጌታ እንደሚጠብቀኝ መስክሬአለሁ።"

"ስለ ኪኒኑስ?"

ብርጭቆውን በእጁ አዞረው። "እሱ የጓዳ ነገር ነው፣ ልጄ።"

"እኔ ጓዳ የለኝም። የምተኛው ከአክስቴ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው።"

"አንቺ!" አለች አክስቴ። "ከማን ጋር እንደምትነጋገሪ እወቂ! አፍሽን በሽታው ነው ያረዘመው?"

"ተያት፣ አበበች" አለ ወንጌላዊው። ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣ። "ተያት" አለ እንደገና፤ ሁለተኛ ሳይጸልይ ወጣ። አክስቴ እስከ ማታ አላናገረችኝም። እኔም አላናገርኳትም። ግን ሆስፒታሉ ከሚያቀርበው ምግብ ውስጥ ጨው ያለውን ለይታ ወደ ጎን እያደረገች ሌላውን አጎረሰችኝ።

ሁለት ሳምንት ተኛሁ። አባቴ ከገጠር የተቀቀለ ጎደሬ በኮባ ጠቅልሎ ይዞ መጣ፤ ጨው እንዳልነካው ለነርሷም ለሐኪሟም ለአልጋ ጎረቤቶቼም እየነገረ፣ እኔን ግን ምንም ሳይጠይቀኝ፣ እግሬ ሥር ተቀምጦ ዋለ። ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ደግሞ ለምን እንደተመለሰብኝ በደንብ ለማወቅ ከኩላሊቴ ጥቂት ናሙና እንዲወሰድ፣ ባዮፕሲ የሚሉት ማለት ነው፣ ወደ አርባ ምንጭ ሪፈር ተጻፈልኝና ከአክስቴ ጋር በአውቶቡስ ሄድን።

ወይጦ ላይ መኪናው ለምሳ ሲቆም ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነበር። አክስቴ አንድ ምግብ ቤት ገብታ ጨው የሌለው እንቁላል አዘዘች።

"ጨው የሌለው?" አለ አስተናጋጁ። "ለበሽተኛ ነው እንዴ?"

"ለንግሥት ነው!" አለችው። "ትጠብሳለህ ወይስ ገብቼ ልጥበሰው?"

ሳቅኩ። ከእሷ ጋር ከተጣላን ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። እሷ አልሳቀችም፤ እንቁላሉን ቀምሳ ጨው እንደሌለው ካረጋገጠች በኋላ ነው ወደ እኔ የገፋችው።

የባዮፕሲው ውጤት ሚኒማል ቼንጅ ሆነ። ከኔፍሮቲክ ሲንድሮም ዓይነቶች መካከል ለፕሬድኒሶሎን በጎ ምላሽ የሚሰጠው፣ ግን የመመለስ ጠባይ ያለው ዓይነት ነው ተባልኩ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀመርን፤ እንደገና አሥራ ሁለት ኪኒን፣ እንደገና ክብ ፊት፣ እንደገና ጨው አልባ ጎመን፤ በዚህኛው ጊዜ ግን አክስቴ ጠዋት ጠዋት ውኃ ይዛ ቆማ አፌን እስክከፍትላት ድረስ ከፊቴ አትንቀሳቀስም ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ጂንካ ያለችው ሐኪሜ ያንኑ ቃል በካርዴ ላይ ጻፈችው። አክስቴ አጠገቤ ነበረች።

"ይሄ ሪሚሽን የምትሉት" አለች፤ "ባለፈውም ተብሎ ነበር?"

"አዎ" አለች ሐኪሟ። "ለልጅቷ አስረድቻት ነበር።"

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። "ትርጉሙን ያኔ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ለእኔ ‘ጠፍቷል’ አልሽኝ።"

"አዎ።"

"ታዲያ እኔን ብቻ ለምን ትጠይኛለሽ?"

ሐኪሟ ወረቀቶቿን ማስተካከል ጀመረች። ያን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም። እውነቷን ነበር። እኔ ስለ ሰዎች ፊት ብዬ ሁለት ቃል ቀነስኩ፤ እሷ በቀረው ቃል አምና ኖረች። ግን አንድ ልጅ ሙሉውን ቃል እንዳትናገር ያደረጋት ሰው የሚጠብቀው እልልታም ነበር፤ ይህንንም አልተውኩላትም።

ሙሉውን ለመናገር ወሰንኩ። ወንጌላዊውን ምስክርነት እንዲፈቅድልኝ ጠየቅኩት። ፊቱ ቀዝቅዞ ነበር፤ "አሳጥሪው" አለኝና ፈቀደ። ወጥቼ እንዲህ አልኩ፤ "ባለፈው ተፈወስኩ ያልኩት ልክ አልነበረም። ሕመሙ ጋብ ብሎልኝ ነበር፤ ሐኪሟም እንደዚያ ብላ ነግራኝ ነበር። መድኃኒቴን አቆምኩና ልሞት ነበር። አሁንም ጋብ ብሎልኛል። መድኃኒቴን እየወሰድኩ ነው። ስለሁለቱም ጌታን አመሰግናለሁ።"

እልልታ የለም። አንድ ሰው አሳለ። ስወርድ ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ ለጎረቤቱ "ይሄ ምስክርነት ነው የሆስፒታል ሪፖርት?" ሲል ሰማሁት፤ አጠገቡ ያሉት ሳቁ። ወንጌላዊው ሊናገር የሚችልበት ጊዜ ያ ነበር። ኪሱ ውስጥ ያለውን ቢያወጣ፣ ወይም አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር ይበቃ ነበር። መዝሙር አስጀመረ። በእሱ ላይ ያለኝ ንዴት አልበረደም፤ ይቅር ያልኩ መስዬ አልጽፈውም።

በሳምንቱ ረቡዕ ግን ከጉባኤው አንዲት እናት ትንሽ ሴት ልጇን አዝላ በረንዳችን ድረስ መጣች። ቀሚስ ልትለካ የመጣች መስላ ቆየች። አክስቴ ለክታት ከጨረሰች በኋላ ሴትየዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እኔን ጠየቀችኝ። ልጇ የሚጥል በሽታ አለባት፤ መድኃኒት ከጀመረች ወዲህ ለሁለት ወር አልጣላትም።

"እሑድ ልመሰክርላት አስቤ ነበር" አለች። "እንደ አንቺ ሁለቱንም ብናገር… ይሆናል? ወይስ ኪኒኑን አቁሜ ልጠብቅ?"

አፌን ሳልከፍት አክስቴ ከመኪናዋ ቀና ሳትል መለሰችላት፤ "ኪኒኑን የሚያስቆምሽ ሐኪሟ ነው! አንቺ ዝም ብለሽ ስጫት! የሚስቅ ይሳቅ፤ የእኛዋ ላይም ስቀዋል።" ከዚያ ፔዳሉን ረገጠችው፤ የመኪናው ድምፅ ንግግሩን ዘጋው።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ነኝ። በየሳምንቱ ጠዋት ሽንቴን በመመርመሪያ ወረቀት አያለሁ። አንድ ጊዜ ተመልሶብኝ ነበር፤ ቶሎ ስለደረስኩበት ሆስፒታል ሳልተኛ ጋብ አለ። መጠኑ ዝቅ ያለ መድኃኒት እወስዳለሁ። ለእናንተ የምለው ብዙ አይደለም። "ሪሚሽን" የሚለውን ቃል ስትሰሙ ተደሰቱበት፤ ደስታ የሚገባው ነገር ነው፤ እኔ እንደጠላሁት አትጥሉት። ነገር ግን ወደ ቤት ስትወስዱት ሳትቀንሱ ውሰዱት። ቤተሰባችሁ ፊቱ ቢወድቅም ይውደቅ። "ጋብ ብሏል፤ መድኃኒቱ ይቀጥላል" በሏቸው፤ ካስፈለገ ሐኪሙ ዘንድ ውሰዷቸውና ከአፉ ይስሙ። ፕሬድኒሶሎን የምትወስዱ ከሆነ በአንድ ቀን አታቁሙት፤ ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ከመጣ ቀን ሳትቆጥሩ ሆስፒታል ሂዱ። በእምነታችሁ ፊት መቆም ከፈለጋችሁም ኪኒናችሁን ይዛችሁ ቁሙ።

ሐኪሜን አመሰግናለሁ፤ የማታውቀውን ቃል አልጻፈችልኝም። የጸለዩልኝን ሴቶች አመሰግናለሁ። አባቴን አመሰግናለሁ። አክስቴንም አመሰግናታለሁ። እስካሁን ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም፤ በዓል ላይ ስንገናኝ አሁንም በትንሹ እንጣላለን። ግን በየጠዋቱ ስልክ ትደውላለች። ሰላም አትለኝም።

"ዋጥሽ?" ትላለች።

"ዋጥኩ።"

"በይ ተማሪ" ትልና ትዘጋዋለች።